በአካል የቀሩት

በ2074 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የተካሄደው የፓርቲው ጉባኤ የተጠናቀቀው ጦይባ ይመር ለቁርስ የጣደችው የሻይ ውሃ ሳይፈላ ነበር። ከአገሪቱ ከተሞች ሁሉ የተውጣጡ አባላት ንግግር አደረጉ፣ ተከራከሩ፣ ድምፅ ሰጡ፣ መዝሙር ዘምረው ተበተኑ። ከቤቱ የወጣ ሰው ግን አልነበረም። ገሚሱ ገና ከአልጋው አልተነሳም። የእያንዳንዱ ሰው ወኪል ተገኝቶለታል፤ ወኪሉ ከተገኘ ደግሞ ሰውየው ተገኝቷል ማለት ነው።

የጦይባ ወኪል የምትቀመጠው ኩሽና ውስጥ፣ በጨው ዕቃውና በበርበሬ ዕቃው መካከል ነው። መጠኗ ከእንቁላል ብዙም አይበልጥም። ያን ቀን ጠዋት አረንጓዴ መብራቷን አበራችና፣

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ጓድ ጦይባ። ዛሬ በጉባኤው ላይ ተናግረዋል። ንግግርዎ የጉባኤው ምርጥ ንግግር ተብሏል» አለች።

ይህን ያለችው በራሷ በጦይባ ድምፅ ነው። ጦይባ ይህን ከለመደችው ቆይታለች። «እሰይ» ብላ ሻዩን አወረደች።

ጦይባ ስልሳ ዓመት አልፏታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የፈትል ፋብሪካ ሠርታለች። ፋብሪካው አሁንም ይሠራል፤ ውስጡ ግን ሰው የለም፤ ሰው ስለሌለም መብራት አይበራበትም። ቀንም ማታም ጨለማ ውስጥ ይፈትላል። እሷና ታላቅ ወንድሟ ሙሄ ከሌሎች ጋር ሆነው የከተማውን ቅርንጫፍ ሲያቋቁሙ የፓርቲው ስም «የላብ አደሮች ክንድ» ነበር። በኋላ በላቡ የሚያድር ሰው እየጠፋ ሲሄድ «የነዋሪዎች ክንድ» ተባለ። አሁን «ክንድ» ብቻ ነው። ፓርቲው ለእያንዳንዱ ቤት በየወሩ ከማሽኖቹ ምርት ድርሻ እንዲሰጥ አስወስኗል፤ ሕዝቡም ድርሻውን እየበላ ፓርቲውን ይመርጣል። በዚህ የሚያማርር ሰው ብዙም የለም።

ወኪል የያዘችው እናቷ አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ ነው። በሽተኛ ትቶ ስብሰባ መሄድ አይቻልም፤ ስብሰባ መቅረትም አልሆነላትም። ወኪል ከሰው ጋር ትኖራለች፤ ሰውየው ሲያወራ ትሰማለች፤ ማታ ማታ «ዛሬ ምን አሳዘነሽ? ምን አናደደሽ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ከዚያ እንደሱ ታስባለች። ገበያ ላይ የሚገናኙ ሴቶች ሰላምታቸውን «ቤተሰብ ደህና? ወኪልሽስ?» ብለው ይጨርሳሉ።

ጦይባ ሻዩን ሳትጠጣ ጎረቤቷ ሐያት በአጥሩ በኩል ተጣራች።

«ጦይባ! ኧረ በአላህ አስለቀስሽን እኮ! በወንድም ላይ እንዲህ መቁረጥ ቀላል አይደለም።»

«በወንድም?»

«አልሰማሽውም እንዴ?»

ጦይባ ወደ ኩሽና ተመልሳ ንግግሯን እንድታሰማት ወኪሏን ጠየቀች። አሰማቻት።

«ጓዶች፣ ሙሄ ይመር ወንድሜ ነው። ይህን ፓርቲ ካቋቋሙት አንዱ ነው። ዛሬ ግን ወኪል አልይዝም፣ ወኪል ያለውም ሰው አባል አይደለም፣ ስብሰባ ማለት በአካል መገናኘት ነው እያለ አንጃ አቁሟል። እኔ ስለ አካል ከሱ ይልቅ የማውቀው አለኝ። እናታችን ስትሞት እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሷ ግን በሩን በሩን ነበር የምታየው። ሙሄ ስብሰባ ላይ ነበር። ጓዶች፣ በአካል መገኘትን የሚሰብከን ሰው እናቱ ስትሞት በአካል አልተገኘም!»

ከዚያ ጭብጨባ ተሰማ። ጭብጨባው የተሠራ ነው፤ ቢሆንም የጭብጨባ ድምፅ አለው። ሙሄና ተከታዮቹ በአብላጫ ድምፅ ከፓርቲው ተባረሩ።

ጦይባ ምድጃው አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ቁጭ አለች። ይህን ነገር ብላዋለች። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ዓይኗ እያነባ፣ ብቻዋን ሆና ብላዋለች። ለማንም ብላ አልነበረም።

*

የፓርቲው ጽሕፈት ቤት አስፋልቱ ዳር ነው። ኤልናታን የሚባል አንድ ወጣት ብቻ ይሠራበታል፤ ሥራውም ሰው ከመጣ መቀበል ነው። ሰው ስለማይመጣ ጦይባ ስትገባ ደንግጦ ከመቀመጫው ተነሳ። ማን እንደሆነች ሲያውቅ ደግሞ ፊቱ በራ።

«እማማ ጦይባ! እናቴ በንግግርዎ አልቅሳለች። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

«ልጄ፣ ወኪሌ የማልናገረውን ተናገረችብኝ።»

ኤልናታን ከፊቱ ያለውን ሰሌዳ ነካክቶ ለአፍታ አነበበ። ተጠራጥሯት አይደለም፤ ሥራው ስለሆነ ነው።

«ብለውታል እኮ እማማ። ባለፈው ክረምት ብለውታል። በረመዳንም ደግመውታል። እናትዎ በሞቱ ሰሞንማ ብዙ ጊዜ ነው ያሉት።»

«ማለቱንስ ብያለሁ። ሰው ፊት ግን አልለውም።»

«ያስቡታል ግን?»

«አስበዋለሁ። አስቤ እውጠዋለሁ። የዋጥኩትም እኮ የኔ ነው፣ ልጄ። ወንድሜ ነው ብዬ የተውኩት ነገር ከተናገርኩት የበለጠ የኔ ነው።»

ኤልናታን ይህን ለመረዳት ከልቡ ሞከረ። «እሱን የት ብዬ ላስገባው?» አለ በመጨረሻ። እየቀለደ አልነበረም።

ጦይባ የሙሄ መባረር በይግባኝ በሚታይበት ጉባኤ ላይ ራሷ ቀርባ ልትናገር ጠየቀች። ኤልናታን ደንቡን አስረዳት። አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው ያለው፤ የእሷ ድምፅ ወኪሏ ዘንድ ነው። ሁለቱም ከተናገሩ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተናገረ ማለት ይሆናል። ከተለያዩ ደግሞ ፓርቲው የሚይዘው የወኪሏን ነው፤ ምክንያቱም ወኪሏ የምታውቀው የብዙ ዓመት ጦይባን ነው፤ ዛሬ እዚህ የመጣችው ግን የዛሬዋ ጦይባ፣ ያውም የተቆጣችዋ ናት።

«እንግዲያው ወኪሌን አልፈልጋትም። ልተዋት።»

«መተው ይችላሉ። አባልነትዎ ይቋረጣል።» ኤልናታን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሷ ግን ትቀጥላለች፣ እማማ። ከንግግሩ በኋላ ጉባኤው ለማዕከላዊ ኮሚቴ መርጧታል።»

«ማንን?»

«እርስዎን። ማለቴ… እሷን። ተመራጭን የሚያነሳው የመረጠው ጉባኤ ነው። ሌላ ሰው አያነሳም።»

«እኔ ሌላ ሰው ነኝ?»

ወጣቱ ከመቀመጫው ተነሳ። ወደ ጓዳ ገብቶ ውሃ ይዞላት መጣ። ጦይባ ውሃውን ጠጣች፤ ይሉኝታ ይዟት አመሰገነችው፤ ከዚያ ጣቷን ሰሌዳው ላይ አሳርፋ ከፓርቲው ወጣች። ቤቷ ስትመለስ ጨው ዕቃውና በርበሬ ዕቃው መካከል የነበረችው ነገር መብራቷ ጠፍቷል። ወኪሏ እዚያ አልነበረችም፤ አዲስ አበባ ኮሚቴ ላይ ነበረች።

*

ሙሄ የሚኖረው ከቦርከና ወንዝ ማዶ ነው። ከሰዓት በኋላ ስትደርስ ግቢው ውስጥ እግሩ የወለቀ ወንበር ገልብጦ ምስማር ይመታል። ሰው ሁሉ ቤቱ መዋል ከጀመረ ወዲህ ብዙ ወንበር ይጣላል፤ ሙሄ እየለቀመ ይጠግናል። በአካል ለሚሰበሰብ ሰው ወንበር ያስፈልጋል።

«አያ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት፤ መዶሻውን አልጣለም። «ድምፅሽን ሰማሁት፣ ጦይብዬ። ደህና ተናገርሽ።»

«እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ አንቺ እንዳልሆንሽ። ግን ከተናገረችው ውስጥ አንቺ ያላልሽው ነበረበት?»

ጦይባ እንባዋ መጣ። እሱም አላዘነላትም፤ ወይም ያዘነላት አልመሰለም። ምስማሩን መትቶ ጨረሰ፣ ወንበሩን አቆመው፣ በእጁ ወዘወዘው፣ ከዚያ «ተቀመጪበት፤ እንየው» አላት። ተቀመጠች። ያዛት።

«እማዬ ናት ሂድ ያለችኝ» አለ ሙሄ።

«ምን?»

«ያን ቀን። አንቺ መድኃኒት ልታመጪ ወጣ ባልሽበት። ‹አንተ ቁጭ ብለህ ስታየኝ ሞቴ ይከብደኛል። ሰዎቹ ይጠብቁሃል፣ ሂድ› አለችኝ። አልሄድም አልኳት። ‹ጦይባ ትበቃኛለች› አለች። እንግዲህ ምን ልበል? ተነስቼ ሄድኩ።»

«በሩን ስታይ ነበር እኮ፣ አያ! ዓይኗን ከበሩ ላይ አልነቀለችም።»

«እሱን ዛሬ ጠዋት ካንቺ ንግግር ነው የሰማሁት።»

ከማዶ የፋብሪካው ጉርምርምታ ይሰማል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«‹ጦይባ ትበቃኛለች› ያለችው ትንሽ ከፋኝ። በኋላ ደግሞ አንቺ ስትቀየሚኝ፣ መቀየሙ ሐዘንሽን ካቀለለልሽ ይሁን አልኩ። ለማንም አልተናገርኩትም። እኔ ወኪል የለኝ፤ ያልተናገርኩት አይወጣ።» ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረና አልሆነለትም። «አብሽሪ። ያለፈው አልፏል። እሁድ ነዪ፤ እኛ ጋ ተሰብሰቢ።»

*

በአካሎች — የሙሄን ወገኖች ሰው የሚጠራቸው እንዲህ ነው — የሚሰበሰቡት ድሮ ጋራዥ በነበረ ቤት ውስጥ ነው። በዚያ እሁድ የመጡት አብዛኞቹ ሽማግሌና አሮጊት ነበሩ። በጠባብ ቦታ ላይ ብዙ ሳል፣ ብዙ ከዘራ፣ ብዙ የላብ ሽታ ነበር። ጦይባ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነክታ ከተቀመጠች ዓመታት አልፈዋል፤ መጀመሪያ ጨነቃት፤ ቆይቶ ግን ደስ አላት።

ሙሄ የሰብሳቢውን ቦታ ይዞ አጀንዳውን አነበበ። የመጀመሪያው አጀንዳ እህቱን በአባልነት መቀበል ነበር። ያለ ክርክር ያልፋል ብሎ ነው የጠበቀው። ግን አስናቁ እጇን አወጣች። አስናቁ የድሮ ፈታይ ናት፤ በፋብሪካው የጦይባ ባልደረባ ነበረች፤ ስትናገር አትቸኩልም።

«ጦይባን እወዳታለሁ። ክፉ ሰው አይደለችም። ግን ድምፅዋ አሁንም እዚያ ኮሚቴ ላይ ተቀምጦ በእኛ ላይ ይፈርዳል። ትናንት እንኳ ይህ ቤት እንዲታሸግ ያቀረበው ማን ነው? እሷ ናት። እዚህ የመጣችው ግማሽዋ ናት። ግማሽ ሰው በአካል ተገኘ አይባልም።»

«እኔ ትቻታለሁ» አለች ጦይባ።

«አንቺ ትተሻታል። እሷ ግን አልተወችሽም።»

ክርክር ሆነ። አንዱ «ንስሐ የገባ ይቀበሉታል» ሲል ሌላው «ዛሬ እሷን ከተቀበልን ነገ ወኪላቸው ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሁሉ ይመጣሉ፤ ያኔ ምናችን በአካል ነው?» አለ። አንድ ሽማግሌ ደንቡ በግልጽ ይከለክላል ብለው ቆሙ፤ ደንቡን ከዓመታት በፊት የጻፈው ሙሄ ራሱ ነበር። በመጨረሻ ወደ ድምፅ ተሄደ።

ጦይባ ትቀበል የሚሉ እጃቸውን ሲያወጡ ሙሄ ከሁሉም ቀድሞ አወጣ፤ ክንዱን ከጆሮው አጥብቆ ቀጥ አድርጎ አወጣ። ከኋላው ጥቂት እጆች ተከተሉ። አትቀበል የሚሉ እጃቸውን ሲያወጡ መቁጠር አላስፈለገም።

የሚቀጥለውን ቃል እሱ ነበር ማለት ያለበት፤ ሰብሳቢ ነው።

«ውሳኔው ጸድቋል» አለ። «ጓድ ጦይባ… አባል ስላልሆንሽ ከስብሰባው ውጪልን።»

ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ግድግዳውን ተደግፋ ስትቆም የወንድሟ ድምፅ በመስኮቱ በኩል ይሰማት ነበር፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሁለተኛው አጀንዳ አለፈ።

*

ከዚያ በኋላ ሙሄ አርብ አርብ ከጁምዓ ሲመለስ እሷ ጋ ይመጣል፤ ምሳ ይበላሉ፤ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወራሉ። ስለ ፓርቲ ግን ሁለቱም አያነሱም። በአካሎቹ ጋራዡ ሲታሸግባቸው እንደገና ተከፋፈሉ። በስልክ ድምፁን ያሰማ ሰው ተገኝቷል ይባላል ወይስ አይባልም በሚል ነበር የተጣሉት። በሁለተኛው ዓመት ከሙሄ ጋር የቀሩት በአንድ አግዳሚ ወንበር የሚበቁ ነበሩ። ሙሄ ስለዚህም አላወራም። እየከሳ ሄደ፣ ሳል ያዘው፣ በነሐሴ አንድ ጠዋት አረፈ።

ተዝያ፣ ማለትም ለቅሶ፣ የተቀመጡት በጦይባ ግቢ ነው። ዝናብ ስለነበር ድንኳን ተጣለ። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ሴቶቹ በድንኳኑ ተሰብስበው ሳለ፣ ፓርቲው መግለጫ አወጣ። የድሮ ስሙን መልሷል። ሕዝቡ በየቤቱ ውስጥ እየከፋው፣ የድሮውን ዘመን እየናፈቀ መምጣቱን ወኪሎቹ ደርሰውበት ነበር። ፓርቲው ከዛሬ ጀምሮ እንደገና «የላብ አደሮች ክንድ» ይባላል፤ መሥራቹ ጓድ ሙሄ ይመርም ወደ ክብራቸው ተመልሰዋል። የሐዘን መግለጫውን የምታቀርበው የኮሚቴ አባል የሟች እህት ናት።

በሴቶቹ ቦርሳና ነጠላ ስር ያለው ወኪል ሁሉ በአንድ ጊዜ በጦይባ ድምፅ መናገር ጀመረ።

«ወንድሜ ሙሄ የትግል ሰው ነበር። ለላብ አደሩ ካለው ፍቅር የተነሳ እናታችን በምትሞትበት ሰዓት እንኳ ከስብሰባው አልቀረም። እንዲህ ያለ ሰው ዳግም አይገኝም…»

ሴቶቹ አለቀሱ። ድምፁ ጥርት ያለ፣ በልክ የሚሰበር፣ የሚያባባ ነበር። ጦይባ ከመካከላቸው ተነሳች።

«ለትግል ብሎ አይደለም!» አለች። «እናቴ ናት ሂድ ያለችው! ሞቴ ይከብደኛል ብላ ነው ያባረረችው!»

ከሁለት ቀን ለቅሶ በኋላ ድምፅዋ ሰልሎ ነበር፤ የወጣው ሻካራና ቁርጥራጭ ነው። ሴቶቹ ዘወር ብለው አዩዋት። ሐያት ትከሻዋን ይዛ ልታስቀምጣት ሞከረች።

«አብሽሪ ጦይባ። ሐዘን ነው፤ ያምታታል። ምን ቀረሽ፣ አሁን እኮ አሳምረሽ ተናገርሽ።»

«አልተናገርኩም! ገና አልተናገርኩም!»

አንዷ ውሃ አምጡላት አለች። ሌላዋ ቁርኣን ይቀራላት አለች። ድንኳኑ ጫፍ ላይ የተቀመጠችው አስናቁ ግን ከዘራዋን ተመርኩዛ ተነሳች። እያነከሰች በሴቶቹ መካከል አልፋ መጣችና ከጦይባ ፊት ለፊት ቆመች። ሁለቱ ከዚያ እሁድ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«ዝም በሉ» አለች አስናቁ። «ትናገር።»

ወንበር ስባ ጉልበቷን ከጦይባ ጉልበት አስነክታ ተቀመጠች። ጦይባ ስለ እናቷ የተናገረችውን ደግማ ተናገረች። ከዚያ ከየት እንደመጣባት ሳታውቀው ወደ ልጅነቷ ሄደች። መጀመሪያ ፋብሪካ የገባሁ ቀን፣ አለች፣ የማሽኑ ጩኸት አስፈርቶኝ ሽንት ቤት ገብቼ ተደበቅሁ። ሙሄ ፈልጎ አገኘኝ። እዚህ ድምፅ አይሠራም አለኝ፤ ብትጮሂም የሚሰማሽ የለም። ፊት ለፊት ቁሚና የሰውን ከንፈር እዪ። መጀመሪያ ያስተማረኝ ስሜን ነው። ቀጥሎ «ውሃ»፣ ቀጥሎ «ደክሞኛል»…

እዚህ ላይ ድምፅዋ ጨርሶ ተዘጋ። ከንፈሯ ግን አላቆመም። ሴቶቹ የምታለቅስ መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ። የፋብሪካ ባልደረባዋ አስናቁ ብቻ ዓይኗን ከጦይባ ከንፈር ላይ ሳትነቅል፣ አንዳንዴ ራሷን እየነቀነቀች፣ አንድ ጊዜም በእንባ መካከል ፈገግ እያለች፣ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።